የእሳት ውሃ

ቤት ተቃጠለ ሲባል ሰው ሁሉ ይሮጣል። ባልዲ የያዘ፣ እንስራ የያዘ፣ ጀሪካን የያዘ ወደ ምንጭ ይወርዳል። ምንጩ ሩቅ ነው። በበጋ ደግሞ ውሃው ይቀንሳል። ውሃው እስኪመጣ ቤቱ ያልቃል።

ጎጆ ቢቃጠል በደቦ ይሠራል። ትልቅ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ደብረ ኤልያስን እናስብ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው እዚያ ተምረዋል። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያለ የብራና መጽሐፍ አንዴ ከነደደ በደቦ አይተካም። የትምህርት ቤትና የእህል መጋዘን ቃጠሎም ጉዳቱ የመንደሩ ሁሉ ነው።

«የእሳት አደጋ መኪና ይምጣ» ይባላል። መኪናው ያለው ከተማ ነው። ከተማም ቢሆን መንገድ ይቸግረዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጠለ። የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖቹ እንቅፋት ሆነ። መኪናው ቢደርስም የያዘው ውሃ ቶሎ ያልቃል። አንድ ትልቅ የመርጫ ቱቦ በደቂቃ 500 ሊትር ሊረጭ ይችላል። ይህ 25 ጀሪካን ነው። በአንድ ደቂቃ!

ስለዚህ በብዙ አገር ትልቅ ሕንፃ ሲሠራ የእሳት ውሃ ማጠራቀሚያም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሠራል።

ለእኛ ውሃውን የሚያመጣልን ክረምት ነው። ለቆርቆሮው ጣሪያ አሸንዳ ይገጠምለታል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ጣሪያ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብበት 2,000 ሊትር ይወርዳል። 10 በርሜል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ 20 ጊዜ ቢዘንብ 40,000 ሊትር ይሆናል። ጥቂቱ ይባክናል። ይህን የሚይዘው ገንዳ ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 2 ሜትር ነው። የሚያውቅ ግንበኛ ይገንባው። ያ ሁሉ ውሃ 40 ቶን ይመዝናል።

ከመገንባቱ ይልቅ የሚከብደው ውሃውን ማቆየቱ ነው። በጥርና በየካቲት ውሃ ሲጠፋ ልብስ የሚያጥብም፣ ከብት የሚያጠጣም ወደ ገንዳው ይመጣል። ማን ይከለክላል? ዘበኛውም ጎረቤቱን መመለስ ያፍራል። ግን መላ አለው። ለገንዳው ሁለት ቧንቧ ይደረግለታል። የዕለቱ ቧንቧ ወገቡ ላይ ይሆናል። የእሳቱ ቧንቧ ከታች ይሆናል። ውሃው ከወገብ ሲጎድል የዕለቱ ቧንቧ ራሱ ይደርቃል። የቀረው 20,000 ሊትር ለእሳት ይቆያል። የታችኛው ቧንቧ ቀይ ቀለም ይቀባና «ለእሳት ብቻ» ተብሎ ይጻፍበታል። አሁን ይህን የምታነቡ ሁሉ ያንንም ታነቡታላችሁ።

ገንዳው ይከደን። ልጅ እንዳይገባበት፣ ቢምቢም እንዳይራባበት ነው። ከቤቱ ግድግዳም ራቅ ይበል። ግድግዳው እየነደደ ውሃ መቅዳት አይቻልም።

መብራት ያለው ቤት ሲቃጠል፣ ውሃ ከመርጨት በፊት ከቆጣሪው ላይ መብራቱ ይጥፋ። ያለዚያ ኤሌክትሪኩ በውሃው መጥቶ ሰው ይገድላል። ሞተር ከሌለ ሰው ከገንዳው እስከ እሳቱ በሁለት መስመር ይቁም። በአንዱ ሙሉው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ በሌላው ባዶው ይመለሳል።