ጋና ላይ የተረፈው ሰርቨር

ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኮፐንሃገን በሚገኘው የመርከብ ጭነት ኩባንያው የሜርስክ ዋና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሮች ስክሪን ተራ በተራ ጠቆረ። ሠራተኞች ከክፍል ክፍል እየሮጡ ባልደረቦቻቸውን ማሽኖቻቸውን እንዲነቅሉ ይለምኑ ጀመር። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ኖትፔትያ የተባለው ማልዌር (አጥፊ ሶፍትዌር) መሰራጨት የጀመረው ከዩክሬን ነው፤ ለግብር ሥራ በሚያገለግል የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ ተሸሽጎ ገባ። ከዓለም የባሕር ጭነት አቅም አንድ አምስተኛ ገደማ የያዘው ኩባንያ በሰዓታት ውስጥ ዕውር ሆነ። በወደብ በሮች ላይ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ቀሩ።

ለእንዲህ ያለ ቀን የሚዘጋጀው ሙያ የሥራ ቀጣይነት አስተዳደር ይባላል። የሥጋት አስተዳደር የቅርብ ዘመዱ ነው። የሥጋት ባለሙያው ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ይመዝናል፤ የሥራ ቀጣይነት ባለሙያው ደግሞ አደጋው ደረሰ ብሎ ይነሣል። የትኛው ሥራ ስንት ሰዓት ቢቆም ይቻላል? ምን ያህል መረጃ ቢጠፋ ድርጅቱ ይሸከመዋል? ለሆስፒታል ኦክስጅን መልሱ በደቂቃ ይለካል፤ ለደመወዝ ክፍያ ጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል። አይኤስኦ 22301 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት እነዚህን ጥያቄዎች ሥርዓት አስይዟቸዋል።

ሜርስክም መጠባበቂያ ነበረው። ወደ ኔትወርኩ ማን መግባት እንደሚችል የሚወስኑት 150 ገደማ ሰርቨሮች፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው እርስ በርስ ተያይዘው ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ጥፋቱ የተላለፈው በዚያው ባያያዛቸው መስመር ነው።

አንድ ብቻ ተረፈ። ጋና ባለው ቢሮ ማልዌሩ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ የዚያ ቢሮ ሰርቨር ከኔትወርኩ ተቆርጦ ሳይነካ ተገኘ። በመቶ ጊጋባይት የሚቆጠረውን መረጃ በጋናው ኢንተርኔት መላክ ቀናት ይፈጃል። ዳግም ግንባታው ወደሚመራበት እንግሊዝ ሰው ይዞት እንዳይሄድ ደግሞ ከቢሮው ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ወደ ናይጄሪያ በርሮ መረጃው ያለበትን ሀርድ ዲስክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለባልደረባው አስረከበ፤ እሱም ለንደን አደረሰው። ዳግም ግንባታው የተጀመረው ከዚያ ዲስክ ነው።

ከሰርቨሩ ይልቅ የሠራተኞቹ ጥረት ሊደነቅ ይገባል። በግል ስልካቸው ዋትስአፕ ትዕዛዝ ተቀበሉ፤ ጭነትን በእጅ መዘገቡ። የኩባንያው ቦርድ ሊቀ መንበር በኋላ በዳቮሱ የኢኮኖሚ ጉባኤ ላይ እንደተናገሩት፣ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ሲተከሉ፣ የጭነቱ መጠን የቀነሰው በ20 በመቶ ብቻ ነበር። ኩባንያው ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም የውኃ አገልግሎት ውስጥ የሚሠሩ አንባቢ ከሆኑ፣ ነገ ቢሮ ሲገቡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። የመሥሪያ ቤትዎ መጠባበቂያ ቅጂ ከዋናው ኔትወርክ ተነጥሎ ተቀምጧል ወይ? ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ላይ ውሎ የተሞከረውስ መቼ ነው?