ተጨማሪ መረጃ፦ ዲክቶግሎስ፣ ሰምቶ መልሶ የመጻፍ ዘዴ

በተለመደው የቃል ጽሕፈት ተማሪው ምንም ሳያስብ የሰማውን ሊገለብጥ ይችላል። አውስትራሊያዊቷ ሩት ዋይንሪብ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት ዲክቶግሎስ ግን ለዚህ ዕድል አይሰጥም።

የእንግሊዝኛ መምህሩ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው ጽሑፍ በተለመደው የንግግር ፍጥነት ሁለት ጊዜ ያነባል። በመጀመሪያው ንባብ ማንም እስክሪብቶ አያነሳም፤ በሁለተኛው ቁልፍ ቃላት ብቻ ይያዛሉ። ከዚያም ተማሪዎቹ ሦስት አራት ሆነው ከማስታወሻቸው ተነስተው ጽሑፉን መልሰው ያዋቅራሉ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አንዷ «ሺ ጎ» ብላ ስትጽፍ አጠገቧ ያለው «‹የስተርዴይ› ተብሏል እኮ! ‹ዌንት› ነው» ይላታል። ክርክሩ በአማርኛ ቢሆንም ግድ የለም፤ የሚከራከሩት ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ነውና። መምህሩ ለመፍረድ አይቸኩል።

በመጨረሻ ዋናው ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና የየቡድኑ ሥራ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። ቃል በቃል መመሳሰል አያስፈልገውም፤ ሐሳቡ ሳይዛነፍ ሰዋስው ከተስተካከለ በቂ ነው። ዘዴው ፎቶ ኮፒ ስለማይጠይቅ ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ይሠራል። አዲስ ቃል ግን ከሁለት ሦስት አይብለጥ፤ አለዚያ ክፍለ ጊዜው ትርጉም በመጠያየቅ ያልቃል።