ከዋሽንግተን በፊት ማርቲኔዝ

በካሊፎርኒያ የኮንኮርድ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2024 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የእኛ ሰው እንደ በፊቱ ሳንፍራንሲስኮ ድረስ አይመላለስም። ከባርት ባቡር ወርዶ ጥቂት በእግሩ ከሄደ ደረሰ። ከጥገኝነት ጠያቂዎች ጋር ለምንሠራ ሰዎች ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አጭር ነው። ዳኛዋ ስምና አድራሻ ካረጋገጡ በኋላ «ጠበቃ አለዎት?» ይላሉ። አስተርጓሚው ጥያቄውን በአማርኛ ይደግመዋል፤ አንዳንዴ በስልክ ስለሚያስተረጉም ድምፁ ይቆራረጣል። መልሱ «የለኝም» ከሆነ ዳኛዋ ጠበቃ መፈለጊያ ጊዜ ይሰጣሉ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶች የተዘረዘሩበት ወረቀትም ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ወዳሉት ቁጥሮች የደወለ ያውቃቸዋል። አንዱ አያነሳም፣ አንዱ አዲስ ጉዳይ አልቀበልም ይላል፣ ሌላው ስም መዝግቦ ጠብቁ ይላል።

አንድ እናት ከችሎት ስንወጣ ያንን ወረቀት አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ፣ «ልጄ፣ ለአስተርጓሚው የከፈለ መንግሥት ለጠበቃ መክፈል ምን ከበደው?» አሉኝ።

ሕጉ ባለጉዳዮች ጠበቃ የማቆም መብት አላቸው ይላል፤ ወጪው ግን መንግሥትን አይመለከትም ብሎ ይጨምራል። ከአገር ማስወጣት እንደ ቅጣት ስለማይቆጠር ጉዳዩ ፍትሐ ብሔር ነው። እስር ቤት ሊያስገባ በሚችል ስርቆት የተከሰሰ ደሃ ተከላካይ ጠበቃ በነፃ ይቆምለታል፤ ከእስር ቤት አምልጦ የመጣ ሰው ግን የመንግሥትን ጠበቃ ብቻውን ይጋፈጣል። በዚያ ላይ ከ1996ቱ ሕግ ጀምሮ የጥገኝነት ማመልከቻ ሰውየው አሜሪካ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት። ጠበቃ ሲፈለግ ይህ ቀን ያልፋል። በ2015 የታተመ አንድ አገር አቀፍ ጥናት ከባለጉዳዮቹ ጠበቃ የነበራቸው 37 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

እኛ ስለ ሕግ መወትወት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ምርጫ ተከትሎ ከመጣው እስራት በኋላ ወገኖቻችን የኮንግረስ ቢሮዎችን እያንኳኩ፣ የኒው ጀርሲው ተወካይ ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት፣ ኢትዮጵያን የሚመለከተው ኤች አር 2003 የተባለ ረቂቅ ሕግ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ አድርገዋል። ሴኔቱ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ኤች አር 128 እያልን የምንጠራው ደግሞ አፕሪል 10 ቀን 2018 አለፈ፤ እሱም የአቋም መግለጫ እንጂ አስገዳጅ ሕግ አልነበረም። ያን ድካም አላናንቅም። ግን ከዚያ ሁሉ ደብዳቤና ስልክ ሩብ ያህሉ እንኳ ወደ ማርቲኔዝ ቢዞር ብዬ እቆጫለሁ።

ማርቲኔዝ የኮንትራ ኮስታ ካውንቲ መቀመጫ ነው፤ ከኮንኮርድ በመኪና አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ካውንቲው በ2018 ስታንድ ቱጌዘር ኮንትራ ኮስታ የተባለውን ፕሮግራም ጀምሮ ከአገር ሊወጡ ለተቃረቡ ነዋሪዎች ነፃ ጠበቃ ማቅረብ ይዟል። የካውንቲውን በጀት የሚያጸድቀው የአምስት ሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ነው። እርግጥ ካውንቲው ቀርቶ የካሊፎርኒያ ሕግ እንኳ የማይደርስበት ቦታ አለ። በ2019 የጸደቀው ሕግ በስቴቱ ፍርድ ቤቶች ያለ ዳኛ ትእዛዝ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰው እንዳይያዝ ይከለክላል፤ የኮንኮርዱ ችሎት ግን የፌዴራል ስለሆነ በ2025 ለቀጠሯቸው የመጡ ሰዎች እዚያው ተይዘዋል። ካውንቲው ይህን ማስቆም አይችልም። ለጠበቃ መክፈል ግን ይችላል።

ቦርዱ ፊት ለመናገር ዜግነትም ወረቀትም አይጠየቅም። ብራውን አክት የሚባለው የ1953ቱ የካሊፎርኒያ ሕግ ቦርዱ ማንም ሰው አስተያየት እንዲሰጥ እንዲፈቅድ ያስገድደዋል። ለእኛ የሚጥመው ደግሞ ይህ ነው፤ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ሰዓት ያገኛል። አማርኛ የሚጠቅምበት ቦታ እዚህ አገር ብዙ አይገጥመኝም።

ይህን ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ሳነሳ አንድ የታክሲ ሾፌር «ማክሰኞ ጠዋት ማን ሥራ ፈቶ ይሄዳል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሚቀጥለው በጀት ሲቀርብ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጡትን፣ ቤታቸው ገብተው ሳይተኙ፣ በቀጥታ ይዣቸው ለመሄድ አስቤያለሁ።