የትምህርት ቤቱ ቁጥር ስለ ማን ይናገራል?

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን አገናኝ ሆኜ እሠራለሁ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ደሴ ሒሳብ አስተምር ነበር። ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ከሐበሻ ወላጆች የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋሼ፣ ይኼ ትምህርት ቤት እኮ ከ10 ያገኘው 3 ነው። ቤት ብንቀይር አይሻልም?» ቁጥሩን ያዩት የቤት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ፣ ከዋጋው ጎን ነው። በዚያች አንድ አኃዝ የተነሣ ከዕድራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው፣ ልጅ ከምትይዝላቸው አክስት ርቀው፣ የማይችሉት ኪራይ ውስጥ የገቡ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ስለዚህ አኃዟ ከምን እንደምትወጣ ቁጭ ብሎ ማየት ይገባል።

መነሻዋ በአብዛኛው የግዛቱ ፈተና ውጤት ነው። በቨርጂኒያ ልጆች ኤስ.ኦ.ኤል. የሚባለውን የግዛቱን የንባብና የሒሳብ ፈተና መውሰድ የሚጀምሩት 3ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። 5ኛ ክፍል ላይ ሳይንስ ይጨመራል። ከኪንደርጋርተን እስከ 2ኛ ክፍል ያሉት በዚህ ፈተና ውስጥ የሉም። እስከ 5ኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት እንግዲህ «የትምህርት ቤቱ ውጤት» የሚባለው በዋናነት የሦስት ክፍል ልጆች ውጤት ነው።

ውጤቱ በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ በአካል ጉዳትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ተከፋፍሎ ለሕዝብ እንዲወጣ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ2002 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ነው። በ2015 የተካው ሕግም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ጥሩ አማካይ ያለው ትምህርት ቤት የድሃውን ልጅ ውድቀት ሸፍኖ ዓመታት መሻገር ይችል ነበር። ሰንጠረዡን ስታነቡ ግን የልጆቹን ብዛት አብራችሁ እዩ። በአንድ ምድብ 20 ልጆች ብቻ ካሉ፣ ሁለቱ በፈተናው ቀን አሞአቸው ቢወድቁ ውጤቱ 10 ነጥብ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት መምህራኑ ሰነፉ ማለት አይቻልም።

የእኛ ልጆች በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ራሳቸውን ችለው አይታዩም። አማርኛ በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በዘር ዓምድ ግን ልጆቻችን «ጥቁር» በሚለው ሥር፣ ትውልድ ተሻግረው እዚሁ ከኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር በአንድ ይደመራሉ። የሁለቱ ችግር ለየቅል ነው፤ አንዱም በቅጡ አይታይም። የፌዴራሉ መንግሥት በ2024 የዘር መጠይቁን ሲያሻሽል «ኢትዮጵያዊ» የሚል የራሱ ሳጥን አስገብቷል፤ መሥሪያ ቤቶቹ እስከ 2029 ድረስ እንዲያስተካክሉ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ሳጥኑ ሲመጣ ምልክት ማድረግ እንዳትረሱ።

የቋንቋውን ምድብ ደግሞ በቅርብ ላሳያችሁ። ከጎንደር ከመጣ ጥቂት ወራት የሆነው የ4ኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ 432ን ለ6 በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፈና ወዲያው 72 አለኝ። ያንኑ ስሌት ስለ ፍራፍሬ ነጋዴና ስለ ሣጥኖቹ በሚተርክ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ውስጥ ሲያገኘው ግን ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው። የፌዴራሉ ሕግ አዲስ መጪን በመጀመሪያው ዓመት ከንባብ ፈተና ነጻ ሊያደርገው ይችላል፤ ሒሳቡን ግን ይፈተናል። ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሁሉንም ይወስዳል። ከተማችንን የመሰለ እንግዳ የሚቀበል ቦታ በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ልጆችን ይዞ ነው የሚመዘነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ያጠናው የኮልማን ሪፖርት ለውጤት መለያየት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ እንደሚያመዝን አሳይቷል። የማለፊያ መቶኛ ብዙውን ጊዜ የሚነግረን በሩ ስለሚያስገባቸው ልጆች ነው። ትምህርት ቤቱ ምን እንደሠራ የሚታየው ልጁ ከዓመት ዓመት ባሳየው ዕድገት ነው። የስታንፎርዱ ሾን ሪርደን በ2017 ያወጣው ጥናት፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚመጡት የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት የስድስት ዓመት ያህል ዕውቀት እንደሚያስጨብጧቸው አግኝቷል። የማለፊያውን መቶኛ ብቻ ያየ ወላጅ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ይሸሽ ነበር።

በእኛ እጅ ያለም ነገር አለ። ከ180 የትምህርት ቀናት 10 በመቶውን፣ ማለትም 18 ቀን የቀረ ልጅ «በተደጋጋሚ ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በትምህርት ቤቱም ላይ ይቆጠራል። የፈረንጆቹ ዕረፍት ሲያበቃ «ገናንም ጥምቀትንም አገር ቤት ውለን እንመለስ» የሚል ቤተሰብ በዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ትምህርት ያስቀራል። ጉንፋን ሲጨመርበት 18 ሞላ ማለት ነው። ለአያት ያለንን ናፍቆት አውቀዋለሁ፤ የእኔም እናት ደሴ ናት። ጉዞው ክረምት ላይ ይሁን።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የምዝገባው ቅጽ ነው። «በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» በሚለው ላይ አማርኛ በደንብ የሚናገሩ እናት «እንግሊዝኛ» ብለው ይጽፋሉ። «ልጄን ደካማ ክፍል ይከቱብኛል» ይሉኛል። አይከቱም። አማርኛ ብላችሁ ስትጽፉ ልጁ በእንግሊዝኛ ችሎታው ይመዘናል፤ ካስፈለገው የቋንቋ ድጋፍ ያገኛል። ይህን መብት ላው ከኒኮልስ በተባለው ክስ በ1974 ያስከበሩት ሳን ፍራንሲስኮ የነበሩ የቻይና ተወላጅ ወላጆችና ልጆቻቸው ናቸው፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው ነው የረቱት። እኛ ዘንድ ግን በአንድ ቃል ይጣላል።

እባካችሁ ቅጹን እውነቱን ሙሉት። የቤተሰብ ገቢ የሚጠየቅበትን የትምህርት ቤት ምሳ ቅጽም አትናቁት፤ ለትምህርት ቤቱ የሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ከገቢ መረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ መምህሩ ስትመጡ «ልጄ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ያህል አደገ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት አሳዩኝ በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ አትከፍሉበትም። ልጃችሁን ግን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጉት።