አዲስ የጠመንጃ ባሩድ እንዴት ይመረመራል?

ፈረስ የሚገዛ ሰው ሩጫውን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ ጥርሱን ይገልጣል፥ ኮቴውን ያነሣል፥ ዳገት አስወጥቶ ትንፋሹን ያዳምጣል። አዲስ ባሩድ ሲወጣ ግን ብዙ ሰው የሚጠይቀው «አረሩን በስንት ፍጥነት ያስወጣዋል?» ብሎ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን፥ በእርሱ ብቻ በመተማመንም የሰው ሕይወት የጠፋበት ጊዜ መኖሩን ለመግለጥ ነው። ጸሐፊው የኬሚስትሪ ተማሪ እንጂ ተኳሽ ስላልሆነ ነገሩን የሚመለከተው ከትምህርቱ በኩል ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች የተተኰሰውን ቀለህ ሰብስበው ጥይቱን በገዛ እጃቸው እንደ ገና ይሞላሉ። ለዚህ ሥራ አራት ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም የናስ ቀለህ፥ በቀለሁ ቂጥ ገብቶ ቃታ ሲሳብ እሳት የሚሰጠው ካፕሱል፥ ባሩድና አረር ነው። ቀለሁና አረሩ በዐይን ታይተው በመለኪያ ተለክተው ይታወቃሉ። የባሩዱ ጠባይ ግን በመልኩ አይለይም። ሁለት ባሩዶች በቀለምና በፍሬ መጠን ተመሳስለው አንደኛው ከሌላው እጅግ ፈጥኖ የሚነድ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ለሌላው አሳስቶ የሞላ ሰው ጠመንጃው በፊቱ ይፈነዳበታል።

በጠመንጃ ውስጥ ያለ ባሩድ ፈነዳ ይባል እንጂ በእውነቱ ይነዳል፤ የሚነደውም ከእያንዳንዱ ፍሬ ገጽ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። የደቀቀ ፍልጥ ከግንድ ይልቅ ቶሎ እንደሚያልቅ፥ ትንንሽ ፍሬ ያለው ባሩድም ጋዙን ባንድ ጊዜ ይለቅቃል። ስለዚህ ፋብሪካው የፍሬውን ቅርጽ በመለወጥ፥ ገጹንም መንደዱን በሚያዘገይ ቅባት በመለበጥ የጋዙን አወጣጥ ይገዛዋል። ባሩድ መመርመር ማለት በአጭሩ ይህ ጋዝ መቼና ስንት እንደሚወጣ፥ በኋላውም ምን እንደሚተርፍ ማወቅ ነው።

ከፖታሲየም ናይትሬት፥ ከድኝና ከከሰል የሚሠራው ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ እኩሌታ በላይ የሆነው ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ጭሱና ጥላሸቱ ከዚሁ የመጣ ነው። በ1888 ዓ.ም. አያት ቅድመ አያቶቻችን ይዘውት ዓድዋ ከዘመቱት ጠመንጃ አንዱ፥ በአገራችን «ውጅግራ» የተባለው የፈረንሳይ ግራስ፥ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። 5 ግራም ከሩብ በሚያህል ባሩድ 25 ግራም የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ያስኬደዋል። ፖል ቪዬል የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1884 ከናይትሮሴሉሎስ ጭስ የለሽ ባሩድ ሠራ። በ1886 የወጣው የለበል ጠመንጃ በዚህ ባሩድ፥ ከግራስ እኩሌታ በጥቂት በሚበልጥ ክብደት ብቻ፥ ቀለል ያለውን አረር በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ አስኬደው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በፍጥነቱ በኩል ድሉ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ናይትሮሴሉሎስ ውሎ ሲያድር በራሱ ይበሰብሳል፤ ከብስባሱ የሚወጣው አሲድ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል፤ ሙቀቱም ተጠራቅሞ ያለ ክብሪት ሊያነደው ይችላል። በ1907 «ኢዬና»፥ በ1911 «ሊቤርቴ» የተባሉት የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ቱሎን ወደብ ላይ ቆመው ሳሉ ሲፈነዱ ምክንያቱ ያረጀው ባሩድ መሆኑ ታመነበት፤ ብዙ መርከበኞችም ዐለቁ። ስለዚህ ዛሬ አሲዱን የሚይዝ ዳይፌኒላሚንን የመሰለ ነገር ይጨመርበታል፤ ባሩዱም በሙቀት ውስጥ ተቀምጦ የመቈየት ኀይሉ ይፈተናል።

እንግዲህ ለአንድ አዲስ ባሩድ የሚደረገው ምርመራ ከዚህ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ግፊቱ። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር አንድሩ ኖብል ትንሽ የመዳብ ቍራጭ በጋዙ ግፊት እንዲጨፈለቅ አድርጎ ከማጠሩ መጠን ግፊቱን ያሰላ ነበር፤ ዛሬ ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለውን ለውጥ በሙሉ ይሥላል። በቤቱ የሚሞላ ሰው ይህ መሣሪያ ስለሌለው ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ ካሳተመው ሠንጠረዥ ዝቅተኛውን መጠን ወስዶ ይጀምራል፤ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል፤ ካፕሱሉ ሲዳጥ ወይም መዝጊያው አልከፈት ሲል ያቆማል። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች የሚታዩት ብዙ ጊዜ ልኩ ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ ከሠንጠረዡ ወሰን ማለፍ አይገባም።

፪ኛ፤ የፍጥነቱ እኩልነት። ሁለት ባሩዶች በአማካይ በሴኮንድ 800 ሜትር ይሰጣሉ እንበል፤ የአንደኛው ጥይቶች ከአማካዩ 3 ሜትር፥ የሁለተኛው 12 ሜትር ከፍና ዝቅ ይላሉ። የአየሩን መቋቋም ትተን ብናሰላ፥ በ300 ሜትር ርቀት በፈጣኑና በዝግተኛው ጥይት መካከል ያለው የመውደቅ ልዩነት በመጀመሪያው 1፥ በሁለተኛው 4 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። አማካዩ አንድ ሆኖ ሳለ ዒላማው ይለያያል።

፫ኛ፤ ሙቀትና ብርድ። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነዳል። በሰሜን ተራራ ብርድ ውስጥ ልክ የሆነው ሙሌት በአፋር ቆላ ፀሐይ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

፬ኛ፤ የሚተወው ጥላሸት። ፭ኛ፤ ሳይበሰብስ መቈየቱ፥ ከላይ እንደ ተባለው።

ከእነዚህ ጥቂቱን አይቶ ሌላውን መተው ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው የኤም 16 ጠመንጃ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ጠመንጃ ከአፈሙዙ በቀዳዳ ጋዝ ወስዶ በዚሁ ኀይል መዝጊያውን ይከፍታል። ጥይቱ በመጀመሪያ የተሞላው ዱፖንት በሚሠራው «አይ ኤም አር 4475» ነበር። የተፈለገው ፍጥነት በሴኮንድ 3,250 ጫማ፥ ማለት 990 ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ጥይቱ በብዛት ሲመረት ግፊቱ ከተፈቀደው ልክ ሳያልፍ ይህን ማግኘት አስቸገረ። ስለዚህ በ1964 የኦሊን ድቡልቡል ባሩድ፥ «ደብልዩ ሲ 846»፥ ተፈቀደ። ፍጥነቱ ተገኘ፤ ከፍተኛው ግፊትም ከልኩ አላለፈም፤ በወረቀት ላይ ባሩዱ ፈተናውን አለፈ።

ሆኖም ከፍተኛው ግፊትና የመጨረሻው ፍጥነት አንድ ቢሆኑም በመካከሉ ያለው መንገድ አንድ አልነበረም። አረሩ የጋዙን ቀዳዳ ሲያልፍ የአዲሱ ባሩድ ግፊት ከፊተኛው ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ መዝጊያው ከተፈለገው በላይ ፈጥኖ ይከፈት፥ ጠመንጃውም በደቂቃ የሚተኵሰው ብዛት ይጨምር ጀመር። ደግሞ አሲዱን እንዲያጠፋ ከባሩዱ የተጨመረው ካልሲየም ካርቦኔት በመሣሪያው ውስጥ ቆሻሻ ይተው ነበር። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል በክሮም ስላልተለበጠ፥ መጥረጊያውም ለወታደሩ በበቂ ስላልታደለ፥ በቬትናም እርጥበት ብረቱ ዛገ፥ ቀለሁም አልወጣ አለ። ወታደሮች በጠላት ፊት የተነከሰ ጠመንጃ ይዘው ሞቱ። በ1967 በሪቻርድ አይኮርድ የተመራው የምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ፥ በቂ ፈተና ሳይደረግ ባሩዱ መለወጡ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ ገለጠ። በኋላ ክፍሉ በክሮም ተለበጠ፤ የመዝጊያው ፍጥነት በረደ፤ የካልሲየም ካርቦኔቱም መጠን ተቀነሰ።

ልብ ሊባል የሚገባው፥ ደብልዩ ሲ 846 በራሱ መጥፎ ባሩድ አለመሆኑ ነው። ጉድለቱ የተገኘው ባሩዱን ከሚተኰስበት ጠመንጃ፥ ከአየሩና ከያዘው ሰው ለይቶ በመመርመር ነው። እንግዲህ በጠረጴዛው ላይ ሚዛኑን አስተካክሎ አዲስ ባሩድ የሚሞላ ሰው በመዝገቡ ላይ የፍጥነቱን ቍጥር ብቻ ጽፎ ከሆነ ፈረሱን ሲሮጥ አየው እንጂ ኮቴውን ገና አላነሣም።