ለሠራተኛ ስለሚሰጥ ሽልማት

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዓፄ ቴዎድሮስ ከአውሮጳ የመጡትን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ፥ ይህን ጥበብ አናውቀውም ብለው ነበር። ደጋግመው ሞክረው በተሳካላቸው ጊዜ ግን ንጉሡ የክብር ልብስ፥ ከነጌጡም ፈረስና በቅሎ ሸለሟቸው። ሽልማቱ ሥራው እንደ ተፈጸመ ተሰጥቷልና ስለምን እንደ ተሰጠ ለማንም አልተሰወረም።

በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው፥ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ ብዙ መቶ ሰዎች ጎተቱት። ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ፤ ይህም ለደከመ ሠራተኛ ከካባ የማያንስ ክብር ነው። ነገር ግን የዘመኑ ጸሐፊዎች የሠሪዎቹን ስም ሲያቆዩ፥ የጎታቾቹን ቍጥር እንጂ ስም አልጻፉም። በገሳይና በአካባቢዋ ከጎታቾቹ ወገን የተወለደ ሽማግሌ ቢገኝ፥ መምህሩ የአባቶቹን ስም ጠይቆ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ።