ከ38.4 ወደ 36.8፦ መቀንጨር ቀንሷል?

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38.4 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2019 የተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 36.8 በመቶ የሚል ውጤት ይዞ መጣ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው "ቀንሷል" ለማለት አይቸገርም። በ2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2030 ለማስቀረት ያለመ ነውና፣ ቁጥሩ ወረደ ወይስ አልወረደም የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ቀነጨረ የሚባለው ቁመቱ ለዕድሜው ከተቀመጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ በእጅጉ ያነሰ ሕፃን ነው። የጥናቱ ባለሙያዎች የመለኪያ ሰሌዳ ይዘው ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላውን አስተኝተው፣ ከዚያ በላይ የሆነውን አቁመው ይለካሉ። የአገሩን ሕፃን ሁሉ በዚህ መንገድ ለክቶ መጨረስ ስለማይቻል በዕጣ ናሙና ይወሰዳል። በ2016 ጥናቱ 645 የቆጠራ ቦታዎችን ሲያዳርስ በ2019 ያዳረሰው 305 ነው። ቁመታቸው የተለካው ሕፃናት በመጀመሪያው ወደ 10 ሺህ፣ በሁለተኛው ወደ 5 ሺህ ይጠጋሉ።

ዕጣው ሌሎች 10 ሺህ ሕፃናትን አውጥቶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ በትክክል 38.4 ባልሆነ ነበር። ምናልባት 37.9፣ ምናልባትም 39 ይሆን ነበር። የዚህን መዋዠቅ መጠን ማስላት ከባድ አይደለም። የቀነጨሩትን ምጣኔ 0.384 ካልቀነጨሩት ምጣኔ 0.616 ጋር አባዝተን ለ10 ሺህ እናካፍልና ካሬ ሥሩን እናወጣለን። የሚገኘው 0.0049፣ ማለትም ግማሽ የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው፤ መደበኛ ስህተት ይባላል። በ1.96 ሲባዛ ወደ አንድ ነጥብ ይጠጋል። ስለዚህ የ2016ቱ 95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ከ37.4 እስከ 39.4 ይሆናል። የ2019ኙ ናሙና ግማሽ ያህል ስለሆነ ወሰኑ ሰፋ ይላል፤ ከ35.5 እስከ 38.1።

ይህን ስሌት መልክ ያስያዘው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዬርዚ ኔይማን ነው፤ ዋናውን ጽሑፉን ያሳተመው በ1937 ነበር። 95 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ብዙ ተማሪ ያሳስታል። እውነተኛው ምጣኔ ከ37.4 እስከ 39.4 መካከል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው ማለት አይደለም። እውነተኛው ምጣኔ ባናውቀውም አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ነው፤ የሚለዋወጠው በየናሙናው የምናሰላው ወሰን ነው። በዚህ ዘዴ ደጋግመን ናሙና ብንወስድና ወሰን ብናሰላ፣ ከመቶው ወሰን 95ቱ ያህል እውነቱን ይይዛሉ። መተማመኛው በዘዴው ላይ ነው።

ሁለቱ ወሰኖች በከፊል ይደራረባሉ። "ከተደራረቡማ ልዩነት የለም" ብሎ መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ልዩነቱን ራሱን መፈተን ነው። ምንም ለውጥ አልነበረም ከሚለው መላምት እንነሳ። የ1.6 ነጥብ ልዩነት መደበኛ ስህተት 0.84 ገደማ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የስህተቱን 1.9 እጥፍ ነው። ለውጥ ባይኖር ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት፣ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ በዕጣ አጋጣሚ ብቻ ከመቶ ስድስት ጊዜ ያህል ይከሰት ነበር። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ያስለመደው መስፈርት ደግሞ ከመቶ አምስት ነው። ውጤታችን ለጥቂት አላለፈም።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን እያንዳንዱ ሕፃን ለብቻው በዕጣ የወጣ አስመስሎ ነው የሠራው። እውነታው ሌላ ነው። መጀመሪያ የቆጠራ ቦታ በዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ በዚያው ቦታ ያሉ ቤተሰቦች ይመረጣሉ። የአንድ ቀበሌ ሕፃናት የሚጠጡት ውኃ፣ የሚበሉት እህል፣ የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ አንድ ነው፤ ድርቅ ሲመጣም አብረው ይጎዳሉ። ከአንድ ቤት የመጡ አሥር ምስክሮች በሽማግሌዎች ፊት እንደ አሥር የተለያዩ ምስክሮች እንደማይቆጠሩ ሁሉ፣ ከአንድ ቦታ የተለኩ ሕፃናትም የሚሰጡት መረጃ ከቁጥራቸው ያንሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ስህተት እኛ ካሰላነው ይበልጣል። ለምሳሌ አንድ ተኩል እጥፍ ነው ብንል፣ የቅናሹ የመተማመኛ ወሰን ከ0.9 ነጥብ ጭማሪ እስከ 4.1 ነጥብ ቅናሽ ይዘረጋል።

እኔ ትልቁን ትምህርት የማየው እዚህ ላይ ነው። መቀንጨር በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2016 ወደ 38 መውረዱን የናሙና መዋዠቅ ሊያስተባብለው አይችልም፤ 20 ነጥብ ነው። በዓመት ሲካፈል 1.25 ነጥብ ይደርሳል። ያ ፍጥነት ባይቀንስ ኖሮ ከ2016 እስከ 2019 ድረስ 3.75 ነጥብ ያህል ቅናሽ በተጠበቀ ነበር። ይህ ቁጥር ከላይ በገመትነው ወሰን ውስጥ ነው። ዜሮም በዚያው ወሰን ውስጥ ነው። ስህተቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ጥናቶቹ ቅናሹ በቀድሞ ፍጥነቱ ቀጥሏል የሚለውን ጨርሶ ቆሟል ከሚለው መለየት አይችሉም ማለት ነው። "ቀንሷል" ብሎ ማወጅ መረጃው ከሚሸከመው በላይ ነው፤ "ምንም አልተለወጠም" ማለትም እንዲሁ። መላምቱን ውድቅ ማድረግ አለመቻል መላምቱን ማረጋገጥ አይደለም። ወሰኑን በግማሽ ለማጥበብ ደግሞ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያ ብዙ ባለሙያ፣ ብዙ ተሽከርካሪና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

የእነዚህ ጥናቶች ሙሉ ሪፖርት በአባሪው የናሙና ስህተቶችን ሰንጠረዥ ይዟል፤ የቆጠራ ቦታዎቹ ተጽዕኖም እዚያ ታስቦ ተቀምጧል። ቁጥሩን ለአንባቢ የምታደርሱ ጋዜጠኞች፣ በቁጥሩ በጀት የምትመድቡ ኃላፊዎች፣ በመግለጫው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አትቁሙ። አባሪውን ግለጡና ወሰኑን ከመቶኛው ጋር አብራችሁ ጻፉልን።